የእማማ ካውያ የመጀመሪያ ሞት

እማማ ካውያ የሰፈሩ የቀብር ማኅበር አባል የሆኑት ገና ወጣት ሳሉ ነው። መዋጮአቸውን አንድም ሳምንት አላጓደሉም፤ ማኅበሩም በበኩሉ እስኪሞቱለት ድረስ በትዕግሥት ጠበቃቸው። አብረዋቸው የተመዘገቡት እየተራገፉ አለቁ፤ ከእነርሱ በኋላ የተመዘገቡትም ተከተሉ። እርሳቸው ግን ከሰል የሚጎርሰውን ከባድ ካውያቸውን ከቀኝ ወደ ግራ እየገፉ፣ የሰው ኮሌታ በአሚዶ እያደረቁ፣ ሰባውን ዓመት ሰላም እንኳ ሳይሉት አለፉት። የማኅበሩ ጸሐፊ መዋጮ ሊሰበስብ በመጣ ቁጥር በሩ ላይ ቆሞ ከእግር እስከ ራሳቸው ይመለከታቸዋል።

«እንዴት ሰነበቱ እማማ? ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ። ምነው፣ ከፋህ?»

«ኧረ በፍጹም! እግዜር ያቆይዎት እንጂ!»

«እሱማ እያቆየኝ ነው። የቸኮልከው አንተ ነህ።»

ዘመኑ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ገና ጥርስ የሚያወጣበት ነበር። የሚሠሩበትና የሚኖሩበት ቤት አንድ ነው፤ ከመንገዱ ጥቂት ደረጃ ወርዶ የሚገባበት፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተለበደ ረጅም ጠረጴዛ መሐሉን የያዘው፣ ከጣሪያው ሥር በተወጠረ ገመድ ላይ የሰው ሸሚዞች እጃቸውን አንጠልጥለው የሚሰለፉበት ክፍል። በአንድ ጥግ የአሚዶው ድስት ምድጃ ላይ ይንተከተካል፤ በሌላው ጥግ የእማማ ካውያ አልጋ አለ፤ ከወፍራም መጋረጃ በስተጀርባ ደግሞ ትንሽ ጓዳ። ከመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ስለነበር ሰውን በተረከዙ ይለዩታል፤ ማን ደመወዝ እንደተቀበለ፣ ማን ደግሞ ከሚስቱ እንደተጣላ ቀና ሳይሉ ይናገራሉ። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው ከሥራቸው ይሁን ከምላሳቸው፣ ሰፈሩ በዚህ ጉዳይ ተስማምቶ አያውቅም።

በዚያ ሰፈር ሞት ሁለት የማያቋርጡ ደንበኞች ነበሩት፤ ያረጁ ሰዎችና የሚወልዱ ሴቶች። እማማ ካውያ ዘንድ ወሬው በቅርጫት ይደርስ ነበር። ሽማግሌ ሲሞት የሚተኮስ ጥቁር ልብስ ይመጣል። ወላድ ስትሞት ግን ጥቁሩ ልብስና የሕፃኑ ነጭ መጠቅለያ በአንድ ቅርጫት ተደራርበው ይመጣሉ። የመጀመሪያውን ዓይነት ቅርጫት እያፏጩ ይተኩሱታል። ሁለተኛው የመጣ ዕለት ከቤታቸው ስድብ እንጂ ፉጨት አይሰማም፤ ስድቡም በቀጥታ ለሞት የተላከ ነው።

«ተራ የሚባል ነገር አያውቅም!» ይላሉ ካውያውን እየደፈቁ። «እኔ ከፊቱ ቆሜ፣ ከኋላዬ ያሉትን ልጃገረዶች በስማቸው ይጠራል። ወይ ዓይኑ አያይ፣ ወይ ጨዋ አላሳደገው።»

የቁጣቸው ሥር ሩቅ አልነበረም። አንዲት ልጃቸው ከዚያው መጋረጃ በስተጀርባ ወልዳ፣ የወለደቻትን ሳታይ ሄዳለች። የተረፈችው ሕፃን ከማነሷ የተነሣ አልጋ ስለበዛባት በሸሚዝ ቅርጫት ውስጥ ምድጃው አጠገብ አኖሯት፤ ስሟም በዚያው «ሚጢጢ» ሆኖ ቀረ። ሚጢጢ በአሚዶ እንፋሎት ውስጥ አደገች፣ ካውያ ያዘች፣ አያቷን «እማዬ» እያለች ጠራች፤ ጊዜው ሲደርስም የብረት ፊደላትን አንድ በአንድ ለቅሞ ለኅትመት የሚደረድር የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ አገባች። ሰውየው እጁ ፈጣን፣ አንደበቱ ዘገምተኛ፣ ጠባዩ ምስጉን ነበር፤ ጣቶቹ ግን በቀለም የጠቆሩ ናቸው። ነጭ ሸሚዝ ለሚተኮስበት ቤት ከዚህ የባሰ አማች አይገኝም። በሩን በክርኑ እየገፋ እንዲገባ እማማ ካውያ አስተማሩት።

ሚጢጢ ማርገዟን የነገረቻቸው ሁለቱም ከጠረጴዛው ግራና ቀኝ ቆመው አንድ አንሶላ ሲያጥፉ ነው።

«እማዬ፣ አርግዣለሁ።»

«ከማን?»

«እማዬ!»

«ከዚያው ጣቱ ከጠቆረው ነው? እንግዲህ ልጁ ዝንጉርጉር ሆኖ እንዳይወጣ።»

ሚጢጢ ሳቀች፤ እርሳቸውም ሳቁ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ግን የአንድ ዳኛ ኮሌታ አቃጠሉ። በሥራ ዘመናቸው ሁሉ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶባቸው አያውቅም። ዳኛው መጥቶ የተቃጠለውን ኮሌታ ቢያሳያቸው ቅንጣት አላፈሩም፤ «ካውያዬ ምንም አልሆነ፤ የእርስዎ አንገት ነው ትኩስ» ብለው ሸኙት። ሲወጣ ግን ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው መጋረጃውን ሲመለከቱ ቆዩ።

የሰፈሩ ሐኪም አንድ ብቻ ነበር። ሰዎች «ዶክተር አረፉ» ይሉታል፤ ከበሽተኛው አልጋ ቀና ብሎ ለቤተሰቡ የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ቃል ስለነበር ነው። የቀብር ማኅበሩ ቅጥረኛም እርሱ ነው። የማኅበሩ ደንብ እንዲህ ይላል፦ አባል ከመሞቱ በፊት፣ እያጣጣረ ሳለ ሐኪሙ ደርሶ በዓይኑ ሊያየው ይገባል፤ ካላየው ማኅበሩ አይቀብርም። ደንቡ የወጣው አንድ ቤተሰብ «አጎታችን ሞተ» ብሎ የቀብሩን ወጪ ከተቀበለ በኋላ አጎትየው ገበያ መሐል ሽንኩርት ሲመርጥ በመገኘቱ ነው። ስለዚህ አንድ አሮጊት ማጣጣር ጀመረች ከተባለ ሐኪሙ የጎረሰውን ሳይውጥ ይሮጣል። ለወሊድ ሲጠሩት ግን ከበሩ አያልፍም። «ወሊድ በሽታ አይደለም» ይላል፤ «አዋላጅ ይበቃዋል።»

«በሽታ ካልሆነ ምነው ይገድላል?» ብለው እማማ ካውያ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠይቀውት ነበር። ሐኪሙ ኮፍያውን ነካ አድርጎ አለፈ።

ሚጢጢን ምጥ ያዛት። ቀኑ መሸ፣ ሌሊቱም ነጋ፤ ሕፃኑ ግን አልመጣም። አዋላጇ ሰፊ ትከሻና ከትከሻዋ የሚሰፋ አፍ ያላት ሴት ነበረች፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት በባሏ ላይ እየቀለደች ነው የምታዋልደው፤ ግማሹ ሰፈር የተወለደው በሳቅ መሐል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከመጋረጃው በስተጀርባ ወጥታ እጇን ስታብስ ግን አልቀለደችም። እማማ ካውያ ነገሩ እንደከፋ ያወቁት በዚህ ነው።

«ጭንቅላቱ ተቀርቅሯል እማማ። የምችለውን ሁሉ አድርጌያለሁ። ሐኪም የሚስብበት ብረት አለ፤ እሱ ካልመጣላት ጉልበቷ እያለቀ ነው።»

ፊደል ለቃሚው ሮጦ ሄደ፤ ሮጦም ተመለሰ።

«ምን አለ?»

«ወሊድ በሽታ አይደለም አለ። አዋላጅ አለላችሁ አለ። ምሳ እየቀረበለት ነበር፤ ቀና ብሎ አላየኝም፣ የማን ቤት እንደሆነም አልጠየቀኝም።»

ከመጋረጃው በስተጀርባ ሚጢጢ ጮኸች። እማማ ካውያ ካውያቸውን ከግማሽ እጅጌ ላይ አንሥተው በተረከዙ አቆሙት። ሽርጣቸውን ፈቱ፤ አጥፈው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«የማኅበሩ ጸሐፊ ዘንድ ሩጥ።»

«ምን ልበለው?»

«አማቴ ልትሞት ነው በል።»

«ግን እማማ… እርስዎ ደህና ነዎት እኮ።»

«አንተ ልጅ፣ ዕድሜህን ሙሉ የሰው ውሸት ስትለቅም ኖረህ አንዲት የራስህ ውሸት ታቅትህ?»

ሰውየው ሄደ። እማማ ካውያ ጫማቸውን አውልቀው አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉ፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣመሩ። አዋላጇ ከደረቁ አሚዶ በእፍኟ ዘግና ፊታቸው ላይ ነሰነሰች።

«ቀስ በይ እንጂ! ልሞት ነው እንጂ ልጋገር ነው አልተባለም!»

«አይናገሩ፣ ይረግፋል» አለቻቸው አዋላጇ፣ ወደ ሚጢጢ እየሮጠች።

ከደቂቃዎች በኋላ በመስኮቱ በኩል ሦስት ጥንድ ጫማዎች ሲሮጡ ታዩ። ከፊት የጸሐፊው ነበር፤ ማሰሪያው ተፈቷል፤ በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ እንዲህ ሮጦ አያውቅም። ይህች ሴትዮ የሁሉም አባላት ታላቅ ነች፤ ሐኪሙ ሳይደርስ ብታልፍ ማኅበሩ ሊቀብራት አይችልም፤ ያ ሁሉ ዓመት መጠበቅ በከንቱ ሊቀር ነው። ከኋላው የሐኪሙ የተወለወለ ጫማ፣ ከሁሉም ኋላ የአማቹ።

ሐኪሙ ትንሽዬ ቦርሳውን ይዞ ሲገባ ሌላ ጩኸት ቤቱን አናወጠው። ደንግጦ ቆመ።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

ጸሐፊው ኮፍያውን አወለቀ። «የልጅ ልጃቸው ትሆናለች፤ እናት ሆነው ነው ያሳደጓት። ሐዘኑን አልቻለችውም።»

«ገና አልሞቱም እኮ!»

«ቀድማ ጀምራለች» አለ ጸሐፊው በአድናቆት።

ፊደል ለቃሚው ግድግዳውን ተደግፎ ይንቀጠቀጥ ነበር። አስመሳይ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላሳመነ፤ ሰውየው እያስመሰለ አልነበረም። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ ማዳመጫውን የአሮጊቷ ደረት ላይ አኖረ። አዳመጠ። ቅንድቡን አነሣ። ቦታ ቀይሮ እንደገና አዳመጠ።

«ምን ዓይነት ነገር ነው! ይህ እኮ የወጣት ሴት ልብ ነው!»

እማማ ካውያ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። «ልክ ነህ። ወጣቷ ከመጋረጃው በስተጀርባ ናት» አሉና ክራባቱን ያዙት።

ሐኪሙ በሥራ ዘመኑ ብዙ ሰዎች ሲሞቱ አይቷል፤ ተመልሶ ክራባት የያዘው ግን አልነበረም። ወደ ኋላ ሲፈናጠር የአሚዶው ድስት ከምድጃው ላይ ተገለበጠ፤ እግር ሊልጥ ትንሽ የቀረው ትኩስ አሚዶ ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ድረስ አለበሰው። ጸሐፊው ኮፍያውን ጣለ።

«እማማ! ሊሞቱ ነው ተብለን እኮ ነው!» አለ በጥልቅ ቅሬታ።

«ይቅር በለኝ፣ ሐሳቤን ለወጥኩ።»

«ይህ ማጭበርበር ነው!» አለ ሐኪሙ። «ለማኅበሩ እከሳለሁ!»

«ክሰስ። መጀመሪያ ግን ሱሪህን አውልቅ።»

«ምን?!»

«አሚዶ ነው፤ እኔ ነኝ የማውቀው። ሲደርቅ ጉልበትህ አይታጠፍልህም። ሰፈሩን ሁሉ እንደ ጣውላ ቀጥ ብለህ ነው የምታቋርጠው፤ ሕፃናቱ ይከተሉሃል።»

ሐኪሙ በሰፈሩ ውስጥ ሁለት ነገሮችን ይጠብቅ ነበር፤ ምሳውንና ክብሩን። ምሳው ቀርቷል። ከተሰቀሉት ሸሚዞች ኋላ ገብቶ ሱሪውን አወለቀ፤ እማማ ካውያ የአንድ ነጋዴ አንሶላ አሸርጠውት ሱሪውን ባልዲ ውስጥ ነከሩት። ሱሪው ውኃ ከገባ በኋላ ሐኪሙ የት ሊሄድ ይችላል? አንሶላ ያገለደመ ሐኪም መንገድ ላይ አይወጣም። ይህን እርሱም ተረዳው፤ እርሳቸውም መረዳቱን አዩ።

ሚጢጢ እንደገና ጮኸች። በዚህ ጊዜ ጩኸቱ አጭር ነበር፤ መጨረሻው የተቆረጠ።

ሐኪሙ መጋረጃውን ተመለከተ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ልማድ ያደረቀው ሰው ነበር። «መሣሪያዎቼ ቤት ናቸው» አለ ቀስ ብሎ። «ትልቁ ቦርሳ። ጥቁሩ። ከአልጋዬ ሥር።» ፊደል ለቃሚው ከዓረፍተ ነገሩ ግማሽ ላይ ወጥቶ ሄዷል። ሐኪሙ እጅጌውን ሰበሰበ፣ የፈላ ውኃና ሳሙና ጠየቀ፣ አንሶላውን ወገቡ ላይ አጥብቆ አሰረና ገባ። ድምፁ ከመጋረጃው በስተጀርባ ሲሰማ የሌላ ሰው ድምፅ ይመስል ነበር፤ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ።» ትልቁ ቦርሳም መጥቶ ወደ ጓዳው ገባ።

እማማ ካውያ አልገቡም። ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ገብተው ነበር፤ የእርሳቸው መግባት ለማንም እንዳልረዳ ያውቃሉ። የሐኪሙን ሱሪ ከባልዲው አውጥተው ጨመቁት፣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉትና መተኮስ ጀመሩ። እንፋሎቱ ፊታቸው ላይ የቀረውን አሚዶ ወደ ሙጫነት ለወጠው። አንዱን እግር ተኩሰው ሲጨርሱ ወደ ሌላው አልተሻገሩም፤ ያንኑ እንደገና፣ ያንኑ ደግመው ተኮሱት። ጸሐፊው መሄድ ሲገባው ጥግ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያሽከረክራል።

«እማማ…»

«አፍህን ዝጋ።»

«እሺ።»

ጩኸቱ ቆመ። ካውያውም ቆመ። ከሱሪው ጉልበት ላይ ጭስ ሲነሣ ጸሐፊው አየ፤ ጠጋ ብሎ ካውያውን በሁለት እጁ አንሥቶ ወደ ጎን አኖረላቸው። እጃቸው አሁንም ካውያ እንደያዘ ሰው በአየር ላይ ቀርቷል።

መጀመሪያ የወጣችው አዋላጇ ናት። ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠባል።

«ወንድ ነው» አለች። «ጭንቅላቱ የአባቱ ነው፤ ነገር ቶሎ አይገባውም። መውጫውን ያጣው ለዚህ ነው።»

እማማ ካውያ ቀልዷን ሰሙ። ጠረጴዛውን ጨበጡ።

«እሷስ?»

«ውኃ ጠይቃለች። ደግሞ ይህ አንሶላ ያገለደመ ሰውዬ ማን ነው እያለች ነው።»

ሚጢጢን ለቀናት ትኩሳት ይዟት ቆየ፤ ሐኪሙም ሳይጠራ እየመጣ አያት። በመጀመሪያው ቀን «ስለ ሱሪዬ ላመሰግንዎት ነው» ብሎ ገባ፤ ጉልበቱ ላይ የካውያ ቅርጽ ነበረበት። በሁለተኛው ቀን ምክንያት አላቀረበም። ትኩሳቱ በረደ።

የቀብር ማኅበሩ ግን አልበረደም። ጉባኤ ተጠራ፤ ጸሐፊው ከአንገቱ በላይ በሆነ ድምፅ ክሱን አሰማ፦ አባል እማማ ካውያ ሳይሞቱ የማኅበሩን ሐኪም በሞት ስም አስጠርተዋል። ሊቀመንበሩ መልስ እንዲሰጡ ጋበዛቸው። ተነሥተው ቆሙ።

«ባለመሞት ከሆነ የምከሰሰው፣ ይህን ጥፋት በየቀኑ ስሠራው ኖሬያለሁ። ዛሬ ምን አዲስ ነገር ተገኘ?»

አዳራሹ ሳቀ፤ ከሳቀ በኋላም ድምፅ ሰጥቶ ከማኅበሩ አባረራቸው። ከኋላው ረድፍ የተቀመጡት አሮጊቶች ግን አልሳቁም። እያንዳንዷ ወይ ያረገዘች ምራት፣ ወይ ያረገዘች ልጅ፣ ወይ ያረገዘች ጎረቤት ነበረቻት። እያሰቡ ወደየቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ በሰፈሩ አሮጊቶች ላይ የወረደው መዓት በሕክምና ታሪክ ምሳሌ አይገኝለትም። ምራቷ ሁለት ቀን ያማጠች ባልቴት በድንገት ታጣጥራለች። ሐኪሙ ሮጦ ሲደርስ ባልቴቷ ቁጭ ብላ «በዚህ በኩል» ትለዋለች። ጸሐፊው ፀጉሩን ነጨ፤ «በዚህ ወር የሚያጣጥሩት ሁሉ በእግራቸው ሄደው ገበያ ሲወጡ አየኋቸው!» እያለ ለሊቀመንበሩ አለቀሰ። ሁሉንም ደግሞ ከማኅበሩ ማባረር አይቻልም፤ የሚቀብረው ያጣ የቀብር ማኅበር ምን ይሠራል? በመጨረሻ ሐኪሙ ራሱ እጁን ሰጠ። «እባካችሁ፣ የምትወልደው ማን እንደሆነች ንገሩኝና ልምጣ» አለ። «አሮጊት ማጋደም አያስፈልግም። ልቤ አልቻለም።» ትልቁንም ቦርሳ ከአልጋው ሥር አውጥቶ በሩ አጠገብ አኖረው። የሚወልዱት ሁሉ ዳኑ ማለት አይደለም። ጥቁሩና ነጩ በአንድ ቅርጫት የሚመጡበት ቀን አሁንም ነበረ፤ እማማ ካውያም ዝም ብለው አልተኮሱትም፤ ስድባቸውን አልቀነሱም። ነገር ግን በቅርጫቱና በቅርጫቱ መካከል ያለው ጊዜ ረዘመ።

ጸሐፊው ከብዙ ጊዜ በኋላ እየተቅለሰለሰ መጣ። ማኅበሩ መልሶ ሊቀበላቸው ወስኗል።

«እመለሳለሁ» አሉት፤ «ግን ሞቼ የከረምኩበትን ጊዜ መዋጮ አልከፍልም።»

ተስማሙ።

የሚጢጢ ልጅ የሸሚዝ ቁልፍ ከጠረጴዛው ሥር እየለቀመ መሮጥ ሲጀምር፣ እማማ ካውያ አንድ ቀን ጠዋት ከአልጋቸው አልተነሡም። ካውያው በሚጢጢ እጅ እንዲቀጥል አዘዙ፤ ከተኙበት ሆነውም «ኮሌታውን ከጫፉ ጀምሪ» እያሉ ይቆጣጠሩ ነበር። ሐኪም እንዳይጠራ ከለከሉ፤ ሚጢጢም እሺ ብላ ባሏን ላከችው።

ሐኪሙ ገባ። እርሱንም ያ ሁሉ ሩጫ ትንሽ አስረጅቶታል። ወንበር ስቦ አልጋው አጠገብ ተቀመጠ፤ ማዳመጫውን አላወጣም።

«እሺ እማማ፣ ዛሬ ደግሞ የምትወልደው ማን ናት?»

«ማንም።»

«አይዋሹኝ። ከመጋረጃው ኋላ ማን አለ?»

«ማንም የለም ስልህ! ዛሬ የራሴ ጉዳይ ነው።»

«ያለፈው ጊዜም እንዲሁ ነበር የተባልኩት» አለ ሐኪሙ። ተነሥቶ መጋረጃውን ገለጠ። የተነጠፈ አልጋ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የሥራ ካፖርት፣ ወለሉ ላይ የተበተኑ ቁልፎች። ጎንበስ ብሎ ከአልጋው ሥር እንኳ አየ።

«እውነትዎን ነው፤ ማንም የለም» አለ ሲመለስ።

እማማ ካውያ ግን ለክርክሩ አልቆዩለትም።